የእንግሊዝኛ ረዳት ግሦችን ከባለቤታቸው ጋር ማስማማት፦ ደረጃ በደረጃ የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ደንቡን በቃላቸው እያወቁ ብዕር ሲጨብጡ ግን ለሚሳሳቱ ሰዎች ነው። ባለቤት ማለት ግሡ የሚናገርለት ሰው ወይም ነገር ነው፤ ረዳት ግሥ ማለት ደግሞ እንደ «ኢዝ»፣ «ሃዝ»ና «ዳዝ» ዋናውን ግሥ የሚያግዝ ቃል ነው። የማታ ተማሪዎቼ «ከሂ፣ ከሺና ከኢት ጋር ሃዝ፣ ከቀሩት ጋር ሃቭ» የሚለውን ሳይደናቀፉ ይወጡልኛል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሚጽፉት ማመልከቻ ላይ ግን «ማይ ሲስተር ሃቭ» የሚል አገኛለሁ። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም። አማርኛ ግሥን ከባለቤቱ ጋር የሚያስማማበት መንገድ ከእንግሊዝኛው በእጅጉ ስለሚለይ፣ ሐሳቡን በአማርኛ አሰናድተን በእንግሊዝኛ ቃላት እናወጣዋለን። ስለዚህ ሠንጠረዡን እንደገና ከመሸምደድ ይልቅ የማስማማቱን ሥራ ተራ በተራ፣ ደረጃ ሳይዘሉ መሥራት ይሻላል።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። «ልትመጣ ትችላለች» ስንል የሴቲቱ ምልክት «ልትመጣ» ላይም «ትችላለች» ላይም አለ፤ አማርኛ ሁለቱንም ግሦች ከባለቤቷ ጋር ያስማማል። እንግሊዝኛው «ሺ ሜይ ካም» ይላል፤ ከሁለቱ ግሦች በአንዱም ላይ ምልክት የለም። እንግሊዝኛ ምልክት ባለው ጊዜ እንኳ የሚያኖረው በአንድ ቃል ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከግሦቹ ሁሉ ፊት የሚቆመው ቃል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ያንን አንድ ቃልና የሚታዘዝለትን ባለቤት ፈልጎ ማገናኘት ነው።

የእንግሊዝኛ ቃላቱን እዚህ በፊደላችን በድምጻቸው አስፍሬአቸዋለሁ። ጮክ ብለው ያንብቧቸው፤ ሲለማመዱ ግን በራሳቸው ፊደል ይጻፏቸው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

ሦስት ነገሮች ይያዙ። የመጀመሪያው እርስዎ ራስዎ በእንግሊዝኛ የጻፉት ቢያንስ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው፤ የሥራ ማመልከቻ፣ ለአሠሪ የተላከ መልእክት ወይም የክፍል ድርሰት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሥራ የመልመጃ መጽሐፍ አይጠቀሙ፤ በመልመጃ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግሡ ጎን ስለሚገኝ፣ እርስዎ የሚሳሳቱበትን ቦታ አያሳይዎትም። ሁለተኛው ሁለት ብዕር ነው፦ ሰማያዊው ለባለቤት፣ ቀዩ ለረዳት ግሥ። ሦስተኛው በእጅዎ ገልብጠው ከፊትዎ የሚያስቀምጡት የሚከተለው ዝርዝር ነው።

• የ«ቢ» ቤተሰብ፦ ከ«አይ» ጋር «ኤም»፤ ከ«ሂ»፣ ከ«ሺ»ና ከ«ኢት» ጋር «ኢዝ»፤ ከ«ዩ»፣ ከ«ዊ»ና ከ«ዘይ» ጋር «አር»። ላለፈ ጊዜ ከ«አይ»፣ ከ«ሂ»፣ ከ«ሺ»ና ከ«ኢት» ጋር «ዎዝ»፤ ከ«ዩ»፣ ከ«ዊ»ና ከ«ዘይ» ጋር «ወር»።

• የ«ሃቭ» ቤተሰብ፦ ከ«ሂ»፣ ከ«ሺ»ና ከ«ኢት» ጋር «ሃዝ»፤ ከቀሩት ጋር «ሃቭ»። ላለፈ ጊዜ ለሁሉም «ሃድ»።

• የ«ዱ» ቤተሰብ፦ ከ«ሂ»፣ ከ«ሺ»ና ከ«ኢት» ጋር «ዳዝ»፤ ከቀሩት ጋር «ዱ»። ላለፈ ጊዜ ለሁሉም «ዲድ»።

• የማይለወጡት፦ «ካን»፣ «ኩድ»፣ «ሜይ»፣ «ማይት»፣ «ሻል»፣ «ሹድ»፣ «ዊል»፣ «ዉድ»፣ «መስት»። እነዚህ ዘጠኙ ባለቤታቸው ማንም ይሁን ማን መልካቸው ያው ነው።

ዝርዝሩን ሲገለብጡ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። «ዩ» የሚለው ቃል አንተን፣ አንቺን፣ እናንተንና እርስዎን በአንድነት ይይዛል፤ የሚያነጋግሩት አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም ሁልጊዜ «አር» እና «ወር» ይፈልጋል፤ «ዩ ዎዝ» ስሕተት ነው። ደግሞም ላለፈ ጊዜ በባለቤቱ ምክንያት የሚለወጡት «ዎዝ»ና «ወር» ብቻ ናቸው፤ ስለ «ሃድ»ና ስለ «ዲድ» አይጨነቁ።

ደረጃ 1፦ እውነተኛውን ባለቤት ፈልገው በሰማያዊ ያስምሩ

በአማርኛ ገላጩ ከፊት፣ ዋናው ስም ከኋላ ነው። «የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር ጠፍቷል» ስንል ባለቤቱ «ዝርዝር» ከግሡ አጠገብ ነው። ስለዚህ ከግሡ አጠገብ ያለውን ስም እንደ ባለቤት መቁጠር ለምዶብናል። እንግሊዝኛ እንደ «ኦፍ» ባለ መስተዋድድ ሲገልጽ ተቃራኒውን ያደርጋል፦ ዋናው ስም ቀድሞ ገላጩ ይከተለዋል። ያን ጊዜ ከግሡ አጠገብ የሚገኘው ስም ባለቤቱ ሳይሆን የገላጩ ጅራት ነው። ረዘም ባሉ ዐረፍተ ነገሮች ላይ የማያቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ፤ ስለዚህ ይህን ደረጃ ቀስ ብለው ይሥሩ።

አንድ ዐረፍተ ነገር ይዘን አብረን እንሥራ። «በገበያዎቹ ውስጥ ያለው የሽንኩርት ዋጋ ጨምሯል» ለማለት እንዲህ ጀምረዋል እንበል፦ «ዘ ፕራይስ ኦፍ ኦኒየንስ ኢን ዘ ማርኬትስ...»። ቀጥሎ የሚመጣው «ሃዝ ጎን አፕ» ነው ወይስ «ሃቭ ጎን አፕ»?

1. ከዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ተነሥተው የመጀመሪያውን መስተዋድድ ይፈልጉ። እዚህ «ኦፍ» ነው። «ኢን»፣ «ዊዝ»፣ «ፍሮም»፣ «ፎር» እና «አባውት»ም የዚሁ ወገን ናቸው።

2. ከመስተዋድዱ ጀምረው ግሡ እስከሚገኝበት ድረስ ያለውን ሁሉ በቀጭኑ ይሰርዙ። «ኦፍ ኦኒየንስ ኢን ዘ ማርኬትስ» ይወጣል።

3. የቀረውን ያንብቡ፦ «ዘ ፕራይስ ... ጎን አፕ»። የጨመረው ዋጋው ነው። ሽንኩርቶቹም ገበያዎቹም አልጨመሩም።

4. «ፕራይስ» የሚለውን በሰማያዊ ያስምሩ። መልሱ «ሃዝ» ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የመጠን ቃላት ከዚህ ደንብ ይወጣሉ። «ሞስት ኦፍ»፣ «ሰም ኦፍ»፣ «ኦል ኦፍ»፣ «ሃፍ ኦፍ» እና «ኤ ሎት ኦፍ» ካጋጠሙዎት አይሰርዙ፤ ከ«ኦፍ» በኋላ ያለውን ስም ይመልከቱ። ውኃ የማይቆጠር ስለሆነ «ሞስት ኦፍ ዘ ዎተር ኢዝ» እንላለን፤ ተማሪዎች ብዙ ስለሆኑ «ሞስት ኦፍ ዘ ስቱደንትስ አር» እንላለን። «ዋን ኦፍ» ግን ወደ ዋናው ደንብ ይመለሳል፦ ወንድሞችዎ ስንትም ይሁኑ፣ የሚናገሩት ስለ አንዱ ነውና «ዋን ኦፍ ማይ ብራዘርስ ኢዝ» ይበሉ። «ዘ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ» ቁጥሩን ስለሚያመለክት «ኢዝ»፣ «ኤ ነምበር ኦፍ ስቱደንትስ» ግን «በርካታ ተማሪዎች» ማለት ስለሆነ «አር» ይወስዳል።

ባለቤት ጨርሶ ካጡ፦ ሳይጽፉት ቀርተው ይሆናል። አማርኛ «እየዘነበ ነው» ሲል ባለቤቱ በግሡ ውስጥ ስላለ ሌላ ቃል አይፈልግም። እንግሊዝኛ ግን ባዶ ቦታ ስለማይቀበል «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ይላል። ረዳት ግሡ ብቻውን ከቆመ ከፊቱ «ኢት»፣ «ሂ» ወይም «ዘይ» ጨምረው ይቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ ባለቤቱን በተውላጠ ስም ይተኩ

በሰማያዊ ያሰመሩበትን ቃል ከሰባቱ ተውላጠ ስሞች በአንዱ ይተኩት፤ ተውላጠ ስሙን ከቃሉ በላይ በትንሹ ይጻፉት። «ዘ ፕራይስ» «ኢት» ይሆናል፤ «ማይ ሲስተርስ» «ዘይ» ይሆናል። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪን የሚያሰናክሉ ሦስት ወጥመዶች የተደበቁት እዚሁ ነው።

አንደኛው ወጥመድ አንቱታ ነው። አንዲት ተማሪዬ ስለ ቤተሰቧ በጻፈችው አንድ ገጽ ላይ ወንድሟን «ሂ ሃዝ»፣ እህቷን «ሺ ሃዝ» ብላ አንድም ሳትሳሳት አስማማች፤ አባቷ ላይ ስትደርስ ግን «ማይ ፋዘር ሃቭ ኤ ስሞል ሾፕ» ብላ ጽፋ፣ በሚቀጥለው መስመር «ዘይ አር ሲክስቲ» ስትል ቀጠለች። በቀይ አስምሬ ስመልስላት ወረቀቱን ትክ ብላ አየችና «ታዲያ አባቴን አንተ ልበለው?» አለችኝ። ስሕተቷ ከሰዋስው አለማወቅ የመጣ አልነበረም፤ ከጥሩ አስተዳደግ የመጣ ነበር። «አባቴ መጥተዋል» ብሎ ያደገ ሰው እጁ ሳይታዘዘው ወደ ብዙ ቁጥር ይሄዳል።

ስለዚህ ይህን ይወቁ፦ በእንግሊዝኛ ግሥ ላይ አንቱታ የለም። አባትም፣ አያትም፣ ቄስም፣ ፕሬዚዳንትም አንድ ሰው እስከሆኑ ድረስ «ሂ» ወይም «ሺ» ናቸው፤ ግሣቸውም «ኢዝ»፣ «ሃዝ» ወይም «ዳዝ» ነው። «ሂ» ማለት ሰውን «አንተ» ማለት አይደለም፤ ክብርን አይቀንስም። እንግሊዝኛ አክብሮቱን በሌላ ቦታ ያሳያል፦ ከስሙ ፊት ማዕረግ በማስቀደም፣ በ«ፕሊዝ»፣ ወይም ጥያቄውን በ«ኩድ ዩ» በመጀመር። በገጽዎ ላይ የሚያከብሩትን ሰው ስም በሙሉ ፈልገው እያንዳንዱን ለብቻው ይመርምሩ።

ሁለተኛው ወጥመድ ቁጥር ነው። አማርኛ «አምስት ሰው መጣ» ማለትን ይፈቅዳል፤ ቁጥሩ ራሱ ብዛቱን ስለተናገረ ስሙም ግሡም በነጠላ ሊቀሩ ይችላሉ። እንግሊዝኛ አይፈቅድም። ከአንድ በላይ የሆነ ቁጥር ካዩ ስሙን ብዙ ያድርጉት፣ ተውላጠ ስሙን «ዘይ» ይበሉ፣ ከዚያም «አር» ወይም «ሃቭ» ይጻፉ። ገንዘብ፣ ርቀትና ጊዜ ግን በጥቅሉ እንደ አንድ መጠን ሲታሰቡ «ኢት» ናቸው፦ «ፋይቭ ሃንድረድ ብር ኢዝ ኢናፍ»። እዚህ የምናወራው ስለ አንድ ድምር ነው እንጂ ተራ በተራ ስለሚቆጠሩ አምስት መቶ ነገሮች አይደለም።

ሦስተኛው ወጥመድ በሁለቱ ቋንቋዎች ቁጥራቸው የሚለያይ ቃላት ናቸው። እነዚህን በገለበጡት ዝርዝር ጀርባ ይጻፏቸው፤ ምክንያት ፈልጎ የሚደረስባቸው ስላልሆኑ በቃል መያዝ አለባቸው።

• «ፒፕል» «ዘይ» ነው። «ሕዝቡ ተሰበሰበ» ማለት ስለለመድን «ፒፕል ኢዝ» እንላለን፤ ትክክሉ «ፒፕል አር» ነው።

• «ፖሊስ»ም «ዘይ» ነው። እኛ «ፖሊስ መጣ» እንላለን፤ እንግሊዝኛው «ዘ ፖሊስ ሃቭ ካም» ይላል።

• «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ኢኩፕመንት»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ለጌጅ» ሁሉም «ኢት» ናቸው። «መረጃዎች»፣ «ምክሮች»፣ «ዕቃዎች» ስለምንል መጨረሻቸው ላይ «ስ» እንጨምርባቸዋለን፤ አይጨመርም።

• «ኒውስ» እና «ማቴማቲክስ» በ«ስ» ቢያልቁም «ኢት» ናቸው። «ዘ ዩናይትድ ስቴትስ»ም አንድ አገር ስለሆነ «ኢዝ» ይወስዳል።

• «ኤቭሪዋን» እና «ኤቭሪባዲ» ነጠላ ናቸው። «ሁሉም መጥተዋል» ስለምንል «ኤቭሪዋን ሃቭ» ይመጣብናል፤ ትክክሉ «ኤቭሪዋን ሃዝ» ነው።

«ፋሚሊ» ለብቻው ማስታወሻ ይፈልጋል። አሜሪካውያን በነጠላ ያስማሙታል፤ እንግሊዞች በነጠላም በብዙም ይጠቀሙበታል። አንዱን ይምረጡና በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አይቀያይሩ።

ደረጃ 3፦ ትክክለኛውን ረዳት ግሥ መርጠው በቀይ ያክብቡ

አሁን ወደ ግሡ ይሻገሩ። ዋናውን ግሥ፣ ማለትም ድርጊቱን የሚናገረውን ቃል፣ መልኩን አይተው ረዳቱን ይምረጡ።

1. ዋናው ግሥ በ«ኢንግ» ካለቀ ረዳቱ ከ«ቢ» ቤተሰብ ነው፦ «ሺ ኢዝ ወርኪንግ»።

2. ድርጊቱ ተፈጽሞ ውጤቱ አሁን ድረስ ካለና ግሡ በሦስተኛ መልኩ (ከ«ጎ፣ ወንት፣ ጎን» እንደ «ጎን») ከመጣ፣ ረዳቱ ከ«ሃቭ» ቤተሰብ ነው፦ «ሺ ሃዝ ጎን»።

3. ባለቤቱ ድርጊቱን ካልፈጸመና ድርጊቱ ከተፈጸመበት፣ ረዳቱ ከ«ቢ» ቤተሰብ ነው፦ «ዘ ሌተርስ ወር ሰንት»።

4. ግሡ ባዶውን፣ ማለትም ያለ ቅጥያ፣ ሆኖ ዐረፍተ ነገሩ አሉታ ወይም ጥያቄ ከሆነ፣ ረዳቱ ከ«ዱ» ቤተሰብ ነው፦ «ሺ ዳዝ ኖት ኖው»።

5. መቻልን፣ መገባትን ወይም ወደፊትን የሚናገር ከሆነ፣ ከዘጠኙ የማይለወጡ አንዱን ይውሰዱ።

ረዳት ግሦች ሲደራረቡ የሚያከቡት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በ«ሺ ሃዝ ቢን ወርኪንግ» ውስጥ የሚታዘዘው «ሃዝ» ነው፤ «ቢን» ለማንም አይለወጥም። በ«ሺ ዊል ሃቭ ፊኒሽድ» ውስጥ ደግሞ ፊት የቆመው «ዊል» ስለሆነና «ዊል» ስለማይለወጥ፣ ከኋላው ያለው «ሃቭ» ባለቤቱ «ሺ» ብትሆንም «ሃቭ» ሆኖ ይቀራል። «ሺ ዊል ሃዝ» ብለው ጽፈው ከሆነ ጆሮዎ «ሺ»ን ሰምቶ «ዊል»ን ዘሎታል ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ቢ»ን ከባዶ ግሥ ጋር አያጋቡ። «እስማማለሁ» ለማለት «አይ ኤም አግሪ»፣ «ትሠራለች» ለማለት «ሺ ኢዝ ወርክስ» የሚጽፉ ብዙ ናቸው። «ኢዝ» ካለ ግሡ «ወርኪንግ» መሆን አለበት፤ ግሡ «ወርክስ» ከሆነ «ኢዝ» ይውጣ።

ደረጃ 4፦ ምልክቱን አንድ ጊዜ ብቻ ያኑሩ

በሰማያዊ የጻፉትን ተውላጠ ስምና በቀይ ያከበቡትን ረዳት ጎን ለጎን አድርገው ከገለበጡት ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ፤ የረዳቱን መልክ ያስተካክሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግሥ አይንኩት። ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ የሚከብደው ይህ አለመንካት ነው፤ «አትሠራም» በሚለው ግሥ ውስጥ አሉታውም ሴትነቷም አብረው ስላሉ፣ ዋናውን ግሥ ባዶውን መተው ዐረፍተ ነገሩን ያልጨረስነው ያህል ይሰማናል።

የ«ስ» ምልክት የምትዘዋወር እንጂ የምትባዛ አይደለችም። «ሺ ወርክስ» በሚለው ውስጥ «ስ» ከ«ወርክ» ጋር አለች። አሉታ ሲሆን «ዳዝ» ይመጣና «ስ»ን ወደራሱ ይወስዳታል፦ «ሺ ዳዝ ኖት ወርክ»። «ሺ ዳዝ ኖት ወርክስ» ካልን አንዷን ምልክት በሁለት ቦታ አስቀመጥናት። ያለፈ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ያለፈ ጊዜነቱን «ዲድ» ስለያዘው «ዲድ ኖት ጎ» እንጂ «ዲድ ኖት ወንት» አይባልም። ዘጠኙ የማይለወጡት ደግሞ ራሳቸውም ምልክት አይወስዱም፣ ለተከታያቸውም አይሰጡም፦ «ሺ ካን ስፒክ»፣ «ሂ መስት ጎ»።

ሁለት ምልክት ጽፈው ካገኙ ሁልጊዜ የሁለተኛውን ያጥፉ። ብዙዎች የመጀመሪያውን አጥፍተው «ሺ ዱ ኖት ወርክስ» ይላሉ፤ ይህ ከፊተኛው የባሰ ስሕተት ነው።

ደረጃ 5፦ ጥያቄ ከሆነ ባለቤቱን ከረዳቱ በኋላ ይፈልጉ

በጥያቄ ውስጥ ረዳት ግሡ ባለቤቱን ዘሎ ወደ ፊት ይወጣል። ባለቤቱን ሳያውቁ ረዳቱን መምረጥ ግድ ስለሚሆንብዎ፣ ጥያቄውን በቀጥታ አይጻፉ። መጀመሪያ ተራውን ዐረፍተ ነገር ይሥሩ፣ ያስማሙ፣ ከዚያ ረዳቱን ያውጡት። «ዩር ፓረንትስ ዱ ሊቭ ሂር» ካሉ በኋላ «ዱ ዩር ፓረንትስ ሊቭ ሂር?» ይሆናል። «ዳዝ ዩር ፓረንትስ» የሚለው ስሕተት የሚመጣው ባለቤቱን ሳይጠብቁ አፍ ላይ የቀለለውን ረዳት ከማስቀደም ነው።

በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የምናክላት «አይደል?» ለሁሉም አንድ ናት፤ እንግሊዝኛው ግን ረዳቱንም ባለቤቱንም መልሶ ይጠራል። «እናትህ እዚህ ትሠራለች፣ አይደል?» ለማለት «ዩር ማዘር ወርክስ ሂር፣ ዳዝንት ሺ?» ይባላል፤ «ሄደዋል፣ አይደል?» ደግሞ «ዘይ ሃቭ ሌፍት፣ ሃቨንት ዘይ?» ነው። ለሁሉም «ኢዝንት ኢት?» እያሉ ከሆነ «አይደል?»ን ነው የሚናገሩት። ዋናው ዐረፍተ ነገር ረዳት ከሌለው ከ«ዱ» ቤተሰብ ይዋሱ። ባለቤቱ «አይ» ሆኖ ረዳቱ «ኤም» ሲሆን ግን መጠየቂያው «አረንት አይ?» ነው፤ አይገርምዎ፣ ትክክል ነው።

ደረጃ 6፦ «አለ»፣ «አለኝ» እና «አሉ» ያሉበትን ዐረፍተ ነገር ለይተው ይመርምሩ

«ሁለት ልጆች አሏት» የሚለውን ያስተውሉ። ግሡ ብዙ ቁጥር የሆነው በልጆቹ ምክንያት ነው፤ እናትየው የምትታየው በመጨረሻው ቅጥያ ብቻ ነው። በአማርኛ ግሡ ከተያዘው ነገር ጋር ይስማማል። በእንግሊዝኛ ግን የተያዘው ነገር ምንም ድምጽ የለውም፤ የሚወስነው ያዡ ነው፦ «ሺ ሃዝ ቱ ችልድረን»። ልጆቹ ዐሥር ቢሆኑም «ሃዝ» ነው። «አይ ሃቭ ዋን ሲስተር» ሲሉም እህት አንድ መሆኗ «ሃዝ» አያሰኝም፤ ያዡ «አይ» ነው።

እዚህ «ሃቭ» ዋና ግሥ ስለሆነ አሉታው በ«ዱ» ቤተሰብ ይሠራል፤ የደረጃ 4 ደንብም ይሠራበታል፦ «ሺ ዳዝ ኖት ሃቭ»። «ዳዝ ኖት ሃዝ» ምልክቱን የሚያባዛ የተለመደ ስሕተት ነው።

መኖርን ብቻ ሲናገሩ፣ ያዥ ሳይኖር፣ «ዜር» ይመጣል። «ዜር» ባለቤት አይደለም፤ ቦታ ያዥ ነው። ባለቤቱ ከግሡ በኋላ ይመጣል፦ «ዜር ኢዝ ኤ ፕሮብለም»፣ «ዜር አር ሜኒ ፕሮብለምስ»። ይህ ከ«ችግር አለ» እና «ችግሮች አሉ» ጋር ስለሚገጥም አማርኛዎን ሊያምኑት ይችላሉ። ማስጠንቀቂያው «ሃቭ»ን እዚህ አለማስገባት ነው፦ «ኢን ማይ ክላስ ሃቭ ሠርቲ ስቱደንትስ» አይባልም፤ «ዜር አር ሠርቲ ስቱደንትስ ኢን ማይ ክላስ» ይባላል።

ደረጃ 7፦ ሁለት ባለቤቶች ሲገናኙ

በ«ኤንድ» ከተያያዙ «ዘይ» ይሆናሉ። በ«ኦር» ወይም በ«ኖር» ከተያያዙ ግሡ የሚስማማው ከቅርቡ ጋር ነው፦ «አይዘር ዘ ቲቸር ኦር ዘ ስቱደንትስ አር ሮንግ»። «ዊዝ» ግን ባለቤት አይጨምርም፤ አማርኛ «ሣራ ከልጆቿ ጋር ናት» እንደሚለው እንግሊዝኛውም «ሣራ ኢዝ ዊዝ ኸር ችልድረን» ይላል።

ሥራው ሲበላሽ የሚደረግ

በንግግር መሐል ተሳስተው ከሆነ፦ ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው አይጀምሩ። ባለቤቱንና ረዳቱን ብቻ አስተካክለው ይድገሙና ይቀጥሉ፤ «ሺ ሃቭ... ሺ ሃዝ ፊኒሽድ» ማለት ይበቃል። ይቅርታ መጠየቅም አያስፈልግም።

የተቆራረጠ ቃል ካምታታዎት፦ «ሂዝ» እና «ሺዝ» ተቆርጠው ሲጻፉ የተቆረጠው «ኢዝ»ም «ሃዝ»ም ሊሆን ይችላል። ቃሉን ዘርግተው ይጻፉት። ቀጥሎ «ኢንግ» ያለው ግሥ ካለ «ኢዝ» ነው፤ ቀጥሎ «ቢን» ወይም «ጎት» ካለ «ሃዝ» ነው። በማመልከቻ ላይ ቃላትን ባይቆርጡ ይመረጣል።

የስልክዎ አራሚ ሌላ ቃል ካቀረበልዎ፦ ወዲያው አይቀበሉ። በደረጃ 2 የጻፉትን ተውላጠ ስም ይዘው ይፈትኑት፤ አራሚው ረጅም ባለቤት ሲያጋጥመው እንደ እኛው በቅርብ ባለው ስም ሊታለል ይችላል።

በዘፈን ወይም በፊልም «ሺ ዶንት» ሰምተው ከተጠራጠሩ፦ በእርግጥ የሚናገሩት ሰዎች አሉ፤ የአካባቢያቸው አነጋገር ነው። በፈተና፣ በማመልከቻና በሥራ ደብዳቤ ላይ ግን «ሺ ዳዝንት» ይጻፉ።

«ኢፍ አይ ወር ዩ» የሚል ካጋጠመዎት፦ አያርሙት። «በአንተ ቦታ ብሆን» የሚል ምኞት ወይም ግምት ሲነገር «አይ» «ወር»ን ይወስዳል።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻው ፍተሻ

ገጹን ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው ይመልከቱት፤ ታሪኩን ከተከተሉ ዐይንዎ ስሕተቱን ያልፈዋል። በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሰማያዊውንና ቀዩን ቃል ብቻ ጮክ ብለው ይበሉ፤ ሌላውን ይዝለሉ፦ «ኢት፣ ሃዝ»፤ «ዘይ፣ አር»፤ «ሺ፣ ዳዝ»። ሁለቱ ቃላት ለብቻቸው ሲሰሙ የማይገጥሙት ወዲያው ይለያሉ።

ስሕተት ባገኙ ቁጥር በገጹ ጠርዝ ላይ የመጣበትን ደረጃ ቁጥር ይጻፉ፦ ገላጩ ካሳተዎት 1፣ አንቱታው ካሳተዎት 2፣ ምልክቱን ካባዙ 4፣ «አለኝ» ካሳተዎት 6። ሦስት ገጽ ያህል ሲሠሩ ከቁጥሮቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ደጋግመው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ስምንቱንም ደረጃዎች መሥራት አይጠበቅብዎትም፤ ጽሑፍዎን ከመላክዎ በፊት በዚያ ቁጥር ብቻ ይፈትሹት።